«ፍሬኑ ያዘ»፤ በቦንጋ መንገድ ስለ ተለመደው የብልሽት አመራመር

በአማርኛችን «ፍሬኑ ይይዛል» ማለት ምስጋና ነው፤ «ፍሬኑ ያዘ» ማለት ግን አቤቱታ ነው። የመጀመሪያው፥ መኪናው ሾፌሩ ባዘዘው ጊዜ እንደሚቆም ይናገራል፤ ሁለተኛው፥ ማንም ሳያዝዘው ጎማውን አንቆ እንደ ቀረ ይናገራል። ሦስተኛም አነጋገር አለ፤ እርሱም መኪና ገደል በገባ ቍጥር ከመንገደኛውም ከዜናውም አፍ የማይጠፋው «ፍሬኑ በጠሰ» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው አነጋገር እንደ ተቃራኒ ነገሮች መታየት እንደማይገባቸው ነው። በቍልቍለት ላይ በጠሰ የተባለው ፍሬን ከጥቂት ደቂቃ በፊት የያዘ ፍሬን ኖሮ ሊሆን ይችላል። በጋራዦቻችን የማይለቅ ፍሬን የሚመረመርበት ልማድ ይህን ዝምድና ስለሚሸፍነው መነቀፍ ይገባዋል እንላለን።

አገሩን አስቀድመን እንግለጥ። ከጂማ ተነሥቶ ሸቤን ያለፈ መኪና ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ቦንጋ ይወጣል። ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጎጀብ ከእርሷ ብዙ ዝቅ ብሎ በቈላ ይፈሳል። በስተ ምዕራብ የሻይ ተክል ወዳለበት ወደ ውሽውሽ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚሄደው መንገድ እንደዚሁ መውጣትና መውረድ የበዛበት ነው። ዝናቡ በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ወር ብቻ ነው የሚያርፈው። ቡና፥ ማር፥ ኮረሪማ የጫነው አይሱዙ፥ ከልክ በላይ ሰው ያሳፈረው ሚኒባስ፥ የመሥሪያ ቤቱም ላንድክሩዘር ሁሉ የሚሄዱት በዚህ ጭቃና በዚህ ቍልቍለት ላይ ነው።

በሌላው ዓለም የማይለቅ ፍሬን ነገር አጥብቆ የሚጠናው በመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ነው። የዲስክ ፍሬን ስም የገነነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ጃጓር በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ነው። ዛሬም በዚያ አገር ሰዎች በገዛ መኪናቸው ለአንድ ቀን ወደ ሜዳው ገብተው ሲሮጡ ውለው፥ ማታ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ግሎ ቢያገኙት ምክንያቱን ሳያውቁ ወደ ቤታቸው አይነዱም። እኛ እንዲህ ያለ ሜዳ የለንም። ነገር ግን ጎጀብ አለን። ሜዳው ለፍሬን የሚሰጠውን ፈተና ሁሉ የጎጀብ ቍልቍለት ይሰጠዋል፤ ልዩነቱ በዚያ የሚፈተነው አንድ ባለ ትርፍ ጊዜ ሰው ሲሆን፥ በዚህ የሚፈተነው ገበያ የምትሄድ እናት መሆኗ ነው።

የፈተናውን መጠን በቍጥር ማየት ይቻላል። 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 400 ሜትር ቢወርድ፥ ፍሬን ብቻ ቢይዘው፥ ወደ 12 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኀይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሁሉ የሚቀበለው የታምቡሩና የዲስኩ ብረት 40 ኪሎ ነው ብንልና ነፋስ ምንም ባያቀዘቅዘው፥ ብረቱ ከ600 ዲግሪ በላይ በጋለ ነበር። በእውነቱ ነፋሱም ማርሹም ያግዛሉ፤ ስለዚህ ይህን ያህል አይደርስም። ነገር ግን ነፋስና ማርሽ የሚያግዙት ፍሬኑ መልቀቅ ሲችል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና አንዱ ጎማ ላይ የ15 ኪሎ ክብደት ያህል ወደ ኋላ የሚጎትት ፍሬን ቢቀር፥ ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ባነሣበት ሰዓት ሁሉ ሁለት ኪሎዋት ተኩል ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ይህም የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚበላው ብዙ አያንስም። በጎማው ውስጥ ምጣድ ጥዶ መሄድ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዝምድናው እንምጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቈያል፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 እነዚሁ ቍጥሮች 230 እና 155 ናቸው። የያዘ ፍሬን በአጠገቡ ያለውን ዘይት ሲያግለው፥ ዘይቱ ከዚህ ልክ አልፎ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጠው እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናውም አይቆምም። ይህን ነው ሕዝቡ «በጠሰ» የሚለው። ከአደጋው በኋላ መኪናው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ስለሚሆን፥ ፔዳሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መርማሪው ቢፈልግ የተበጠሰ ነገር አያገኝም። ምንም ሳይበጠስ በጠሰ ተብሎ የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቃሉ ብልሽቱን ስለማይገልጥ፥ ምርመራው ገና ሳይጀመር ያልቃል።

እንግዲህ በጋራዥ የሚደረገውን እንመልከት። የመጀመሪያው ልማድ መኪናውን እስኪቀዘቅዝ ማቆየት ነው፤ «ነገ ጠዋት አምጣው» ይባላል። ለእጅ ደኅንነት ሲባል መጠንቀቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሲግል ብቻ የሚይዝ ፍሬን በጠዋት ምንም አይነግርም። ጎማው ሲሽከረከር በነጻ ይዞራል፤ መካኒኩም «ምንም የለበትም» ይላል፤ ሾፌሩም ደስ ብሎት ይሄዳል። ማስረጃው በራሱ በመንገዱ ላይ ነበር። ከጎጀብ ወደ ቦንጋ የሚወጣው ዳገት ፍሬን እምብዛም የማይፈልግ ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ፍሬን በዳገቱ ላይ ይቀዘቅዛል። ቦንጋ ሲደርስ ከአንድ አክስል ግራና ቀኝ አንዱ ብቻ እንደ ምድጃ የሚፋጅ ከሆነ፥ ያ ጎማ ወንዙ ዳር መልቀቅ ሲገባው እስከ ከተማው አልለቀቀም ማለት ነው። ከዚህ የሚሻል ምርመራ በአዲስ አበባም አይገኝም። ሾፌሩ ግን በዳገቱ ላይ መኪናው ሲጎተትበት «ሞተሩ ደከመ»፥ አለዚያም «ናፍጣው ቆሻሻ ነው» ይላል፤ ወደ መካኒኩም የሚሄደው በዚህ አቤቱታ ነው።

ማነጻጸሩም በሥርዓት ይሁን። የፊቱ ፍሬን ከኋላው ይልቅ ብዙ ሥራ ስላለበት፥ የፊቱ ከኋላው ቢግል ብልሽት አይደለም። መወዳደር ያለበት ግራው ከቀኙ ነው። በእጅ መንካትም አያስፈልግም፤ ጣትን በውኃ ነክሮ አንዲት ጠብታ በብረቱ ላይ መጣል ይበቃል። በቦንጋ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጠብታዋ ጮኻ ከጠፋች መልሱ ታውቋል። አንዲት ጠብታ እንላለን እንጂ አንድ ጀሪካን አላልንም። በጋለ ዲስክና ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት በዚህ መንገድ የታወቀ ልማድ ነው፤ የጋለ ብረትም በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። በተጨማሪም የጋለ ሁሉ ፍሬን አይደለም፤ የተበላ ኩሽኔታም ያግላል። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲወዘወዝ ከተንቀሳቀሰ፥ ሲሽከረከርም ካጉረመረመ፥ ፍሬኑን ከመፍታት በፊት ኩሽኔታው ይታይ።

ሁለተኛው ልማድ ከዚህ የከፋ ነው፤ እርሱም የጋለውን መለወጥ ነው። ጎማው ጋለ፤ ስለዚህ ሸራው ይለወጥ። እንደገና ጋለ፤ ስለዚህ ካሊፐሩ ይለወጥ። ይህ ምርመራ ሳይሆን ዕጣ መጣል ነው። ልማዱ የማይሞተውም አንዳንድ ጊዜ ስለሚሠራ ነው። ስለምን ይሠራል? አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ መግፋት ግድ ነው፤ የደረቁት ፒኖች በዚህ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ከተፈታችም ታስሮ የነበረው ግፊት ይወጣል። ፍሬኑም ለጥቂት ቀን ይለቃል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን አዲሱ ሸራ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ (ስሙን ማንሣት አያስፈልግም) የአንድ ሚኒባስ የቀኝ የፊት ሸራ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ አይተናል፤ በሦስተኛው ጊዜ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች በዝገት ተጣብቀው ተገኙ። ፒኖቹ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው፥ ለፍሬን የሚሆን ግራሶ ተቀብተው፥ የጭቃ መከላከያ ጎማቸው ሲለወጥ ነገሩ አለቀ። የዚያ ሁሉ ዋጋ የአንዱን ሸራ ዋጋ አያክልም ነበር።

ሸራ መለወጥ ለምን መፍትሔ እንዳልሆነ ለመረዳት ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ ሳይሆን እንዴት እንደሚለቅ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ማስተማር በየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የተዘነጋ ይመስለናል፤ መጽሐፉ ስለ ማቆም አሥር ገጽ ሲጽፍ ስለ መልቀቅ አሥር መስመር አይጽፍም። በታምቡር ውስጥ ሸራዎቹን የሚመልሳቸው ሞላ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። በዲስክ ላይ ግን መላሽ ሞላ የለም። ፒስተኑን የሚመልሰው በዙሪያው ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ናት። ፒስተኑ ሲወጣ ቀለበቷ አብራው ትጣመማለች፤ ግፊቱ ሲጠፋ ወደ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ባነሰ መጠን ወደ ኋላ ትስበዋለች። መላው የመልቀቅ ሥራ ይህ ነው። ቀለበቷ በተቀመጠችበት ቦይ ውስጥ ዝገት ወይም የደረቀ ዘይት ቢከማች፥ ቀለበቷ ፒስተኑን አንቃ ትቀራለች እንጂ አትስበውም። የካፋ እርጥበት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

በላይኛው በኩል ደግሞ ሌላ የመልቀቂያ በር አለ። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ዋናው የፍሬን ፖምፓ በብዙ መኪኖች ላይ፥ ፔዳሉ ሲለቀቅ ብቻ የምትከፈት እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበች መተላለፊያ አለችው። ዘይቱ ሲግል ይሰፋል፤ የሰፋውም በዚህች ቀዳዳ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ከፔዳሉ ወደ ፖምፓው የሚገፋው ዘንግ ያለ ምንም ክፍተት ከጠበቀ ግን ቀዳዳዋ ተዘግታ ትቀራለች። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ዘይቱን ያሰፋል፥ የሰፋው ዘይት ሸራውን ይገፋል፥ ሸራውም እንደገና ያግላል፤ እሳቱ ራሱን በራሱ ያራግባል። ሁሉም ጎማ አንድነት ከያዘ፥ ይልቁንም ፖምፓው በቅርቡ ተለውጦ ከነበረ፥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘይቱ ነው። በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የጨመረ ሰው የፍሬኑን ጎሚኒዎች ሁሉ አሳብጧል፤ ያበጠ ጎሚኒም ያችን ቀዳዳ ይደፍናል። እንዲህ ከሆነ ዘይቱን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ የነካው ጎሚኒ ሁሉ ይጣላል።

እንግዲህ ምርመራው ከዚህ ይወጣል። መኪናው ትኵስ ሳለ፥ በሜዳ ቦታ ቆሞ፥ ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፥ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ፥ የተጠረጠረው ጎማ በክሪክ ይነሣ። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይልቀቅ፤ ሌላው ወዲያው ጎማውን ያሽከርክረው። ካልዞረ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ጥቂት ትፈታ፤ የጋለ ዘይት ስለሚረጭ ፊትን ማራቅ ያስፈልጋል። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተፈታ፥ ብልሽቱ የታሰረ ግፊት ነው፤ ካሊፐሩም ሸራውም ንጹሓን ናቸው። ዘይት ወጥቶ ጎማው እንደ ታሰረ ከቀረ፥ ነገሩ የብረት ነው፦ ፒስተን፥ ፒን፥ የታምቡሩ ሞላ፥ በኋላ ጎማ ከሆነም የእጅ ፍሬኑ ገመድ። በዚህች አንዲት ቡሎን ክርክሩ ለሁለት ተከፈለ።

ግፊት የታሰረ ከሆነ ቡሎኗ ትዘጋ፥ ፔዳሉም እንደገና ይረገጥና ፍሬኑ ይያዝ። ቀጥሎ ከጎማ ቱቦው በላይ ያለው የብረት ቱቦ መጋጠሚያ ጥቂት ይፈታ። ጎማው ከዚያ ከተፈታ የጎማ ቱቦው ዘይት ያሳልፋል፤ ብልሽቱ ወደ ላይ ነው። ካልተፈታ ቱቦው ውስጡ አብጦ ወይም ተላጦ መንገዱን ዘግቷል። ይህን በተለይ የምናነሣው፥ ዛሬ በመካኒኮች ዘንድ ያለ ምርመራ ሁሉን ነገር በጎማ ቱቦ ማሳበብ እንደ ዕውቀት ስለሚቈጠር ነው። የተዘጋ ቱቦ አለ፤ ነገር ግን ከዛገ ፒን ይልቅ ብርቅ ነው፥ መፈተኛውም ከላይ የተናገርነው ነው። ብልሽቱ ወደ ላይ ከሆነ ፖምፓውን የያዙት ዳዶዎች ላልተው ፖምፓው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሳብ፤ በዚህ ጎማው ከተፈታ ዘንጉ ረዝሟል፥ ካልተፈታ ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ከዚህ በኋላ የተፈታው ሁሉ ይጥበቅ፥ የገባውም አየር ይውጣ፤ ይህ ሳይሆን መኪናው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ።

ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ክሪክ፥ ኪያቤ፥ ጠርሙስና አንድ ረዳት ነው። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» የሚለውን መልስ አንቀበለውም። «ባለ መኪናው ጊዜ አይሰጠንም» የሚለው መልስ ግን እውነት አለው። ሚኒባስ አንድ ቀን ሲቆም የሾፌሩም የረዳቱም የዕለት ገቢ ይቀራል፤ ባለ ንብረቱም የሚከፍለው ለሚታይ ዕቃ ነው እንጂ ለመመርመር አይደለም። መካኒኩ ግማሽ ሰዓት አስቦ አንዲት ፒን ቢያጸዳ «ምን ሠራህና ነው?» ይባላል፤ አዲስ ሸራ በካርቶን ይዞ ሲመጣ ግን ሒሳቡን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ነቀፌታችን በመካኒኩ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አንፈልግም። እጁ ብልህ ነው፤ ያረጀ አይሱዙ በጭቃ ውስጥ ያለ መለዋወጫ የሚያስነሣ እርሱ ነው።

ሦስተኛውን ልማድ ግን በምንም ምክንያት ልናልፈው አንችልም። ፍሬኑ አልለቅ ሲል፥ ማስተካከያውን አላልቶ ሸራው ታምቡሩን እንዳይነካ ማድረግ አለ፤ ከዚህም ብሶ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ መድፈን አለ። ጎማው በእርግጥ አይግልም። መኪናው በሦስት ጎማ ፍሬን ወደ ጎጀብ ይወርዳል። የቀሩት ሦስቱ የአራተኛውን ሥራ ተካፍለው ይበልጥ ይግላሉ፤ በረጠበ ቀይ አፈር ላይ በድንገት ሲረገጥም መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። ተሳፋሪው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በሾፌሩ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በፊት የተለወጠው ሾፌርም ላያውቅ ይችላል፤ የተደፈነ ቱቦ በመኪናው ደብተር ላይ አይጻፍምና።

በአየር ፍሬን ስለሚሠሩት እንደ ሲኖትራክ ስላሉት ከባድ መኪናዎች ጥቂት እንጨምር፤ የተናገርነው ምርመራ ለእነርሱ አይሆንምና። በእነርሱ ዘንድ የመቆሚያውን ፍሬን የሚይዘው ብርቱ ሞላ ሲሆን፥ የሚያስለቅቀው አየሩ ነው። ስለዚህ በሚኒባስ ላይ የታሰረው ግፊት ሲወጣ ጎማው እንደሚፈታ፥ በእነርሱ ላይ አየሩ ሲወጣ ጎማው ይታሰራል። አንድ ሲኖትራክ በዳገት ላይ ጎማው ይዞ ቢቆም መጀመሪያ የሚታየው ሸራው ሳይሆን የአየር መለኪያው ነው፤ ቀጥሎም ሞተሩ ጠፍቶ አየሩ የሚያፏጭበት ቦታ በጆሮ ይፈለጋል። ሞላውን በቡሎን ስቦ አስሮ መንዳት የሚቻል ነው፤ ቡሎኑም የተሠራው የተበላሸው መኪና ከመንገድ እንዲነሣ ነው። ሞላው እንዲህ ታስሮ ሳለ ግን ያ ጎማ የመቆሚያ ፍሬን የለውም፤ አየሩም ቢያልቅ የሚይዘው ነገር አይኖርም። እንዲህ የታሰረ መኪና ጭኖ ወደ ሸቤ ሲወጣ ያየ ሰው ከኋላው ርቆ ይንዳ።